ከፋዩ ያልታወቀ ቅስቀሳ፦ የአሜሪካ ሕግ ስለ ስውር ለጋሾች ምን ይላል?

"ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ" ይላሉ አበው። በገበያም ሆነ በሸንጎ ሰው የሰማውን ከመቀበሉ በፊት ተናጋሪው ማን እንደሆነና በነገሩ ምን ጥቅም እንዳለው ይጠይቃል። የበሬውን ጉልበት የሚያወድሰው ደላላ ከሻጩ ኮሚሽን እንደሚቀበል የሚያውቅ ገበሬ፣ ውዳሴውን በዚያው ልክ ቀንሶ ይሰማል።

በምርጫም ጥያቄው ይኸው ነው። ድምፅ ሰጪው በቴሌቪዥን ያየውን፣ በሬዲዮ የሰማውን ወይም በደጁ ያገኘውን የቅስቀሳ ወረቀት በትክክል ለመመዘን ገንዘቡን ማን እንደከፈለ ማወቅ ያስፈልገዋል። በአሜሪካ ግን በየምርጫው በብዙ ሚሊዮን ዶላር የሚቆጠር የፖለቲካ ማስታወቂያ እውነተኛው ከፋይ ሳይገለጽ ለሕዝብ ይቀርባል። ይህም በአብዛኛው ሕግ ተጥሶ ሳይሆን ሕግ ክፍተት ትቶለት የሚፈጸም ነው። ነገሩ እንዴት እዚህ እንደደረሰ፣ በዚህም የተነሣ አንዲት ገበሬ የበዛባት ግዛት ምን እንደገጠማትና ምን መፍትሔ እንዳበጀች በዚህ ጽሑፍ እንመለከታለን። በተለየ ሁኔታ ካልተገለጸ በስተቀር በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

"ከውጪ ያለ ቡድን" ሲባል

በአሜሪካ የምርጫ ሕግ ገንዘብ በሁለት መንገድ ወደ ቅስቀሳ ይገባል። የመጀመሪያው በቀጥታ ለዕጩው ወይም ለፓርቲው የሚሰጥ መዋጮ ነው። ይህ በጣሪያ የተወሰነ ነው፤ ለምሳሌ በ2024ቱ ምርጫ አንድ ግለሰብ ለአንድ የፌዴራል ዕጩ በአንድ ምርጫ መስጠት የሚችለው ከፍተኛው መጠን 3 ሺህ 300 ዶላር ነበር። ኩባንያዎችና የሠራተኛ ማኅበራት ከካዝናቸው አውጥተው ለፌዴራል ዕጩ በቀጥታ መስጠት አይፈቀድላቸውም።

ሁለተኛው መንገድ ከዕጩውና ከፓርቲው ውጪ የሆነ ቡድን፣ ከዕጩው ጋር ሳይመካከር፣ በራሱ ስም የሚያወጣው ወጪ ነው። እዚህ ላይ "ውጪ" የሚለው ቃል "የውጭ አገር" ማለት እንዳልሆነ ልብ ይሏል። የውጭ ዜጎች በአሜሪካ ምርጫ ገንዘብ ማውጣታቸው በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው። "ውጪ" የተባለው ቡድኑ ከዕጩው የምርጫ ዘመቻ ውጪ በመሆኑ ነው። ይህ ሁለተኛው ዓይነት ወጪ ጣሪያ የለውም። ከዚህ ውስጥ የለጋሹ ስም የማይገለጸውን አሜሪካውያን "የጨለማ ገንዘብ" ይሉታል።

የመዳብ ከበርቴዎች ዘመን

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ወደ ሞንታና መሄድ ይገባል። ሞንታና በአሜሪካ ሰሜናዊ ምዕራብ፣ ከካናዳ ጋር የምትዋሰን ሰፊ ግዛት ናት። ስንዴና ገብስ ታመርታለች፤ የከብቶቿ ቁጥርም ከሕዝቧ ቁጥር ይበልጣል። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግን ግዛቲቱን ያዘዟት ገበሬዎቿ አልነበሩም። ቢዩት በምትባለው ከተማ ሥር የተገኘው መዳብ ጥቂት ሰዎችን እጅግ ባለጠጋ አድርጓቸው ነበር፤ እነርሱም "የመዳብ ነገሥታት" ተብለው ይጠሩ ነበር።

ከእነዚህ አንዱ ዊልያም ክላርክ ነበሩ። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ሴኔት አባላትን የሚመርጡት የየግዛቱ ምክር ቤቶች እንጂ ሕዝቡ በቀጥታ አልነበረም። በ1899 ክላርክ ለሴኔት ሲወዳደሩ፣ አንድ የምክር ቤት አባል ለድምፅ መግዣ የተከፈለ ነው ያሉትን በፖስታ የታሸገ 30 ሺህ ዶላር ይዘው በጉባኤው ፊት አሳዩ። ክላርክ ያም ሆኖ ተመረጡ። የአሜሪካ ሴኔት ኮሚቴ ጉዳዩን መርምሮ ምርጫቸው ሕጋዊ እንዳልነበረ በ1900 ሲደመድም ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ በ1901 ግን የግዛቱ ምክር ቤት እንደገና መርጧቸው ወደ ሴኔት ገቡ።

ከክላርክ በኋላም አናኮንዳ የተባለው የመዳብ ኩባንያ የግዛቲቱን ፖለቲካ ለረጅም ጊዜ ተጭኖ ቆይቷል። ኩባንያው እስከ 1959 ድረስ የሞንታናን ዋና ዋና ዕለታዊ ጋዜጦች በባለቤትነት ይዞ ነበር። ስለ ማዕድን ግብር ወይም ስለ ማዕድን ሠራተኞች ደኅንነት የሚያነበው ነዋሪ የሚያነበው የኩባንያውን ጋዜጣ ነበር ማለት ነው።

የሞንታና ሕዝብ ለዚህ የሰጠው መልስ ሕግ ነበር። በ1912 ነዋሪዎቹ ራሳቸው ባቀረቡትና በድምፃቸው ባጸደቁት ሕግ፣ ኩባንያዎች ዕጩን ወይም ፓርቲን ለመደገፍም ሆነ ለመቃወም ገንዘብ እንዳያወጡ ከለከሉ። ይህ ሕግ መቶ ዓመት ያህል ጸንቶ ቆየ።

የፌዴራል ሕጉ ጉዞ

በአገር አቀፍ ደረጃ ኩባንያዎች ለፌዴራል ዕጩዎች ገንዘብ እንዳይሰጡ የከለከለው ሕግ በ1907 ወጣ። ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰንን ከሥልጣን ያወረደው የዋተርጌት ቅሌት ካስከተለው ቁጣ በኋላ ደግሞ፣ በ1974 በመዋጮም ሆነ በወጪ ላይ ጣሪያ የሚጥል ሕግ ጸደቀ፤ የሚቆጣጠር የፌዴራል ምርጫ ኮሚሽንም ተቋቋመ።

ሕጉ ብዙም ሳይቆይ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቀረበ። በ1976 በተሰጠው ውሳኔ ፍርድ ቤቱ ነገሩን ለሁለት ከፈለው። ለዕጩ በቀጥታ የሚሰጥ መዋጮ ጉቦን ሊወልድ ስለሚችል ሊገደብ ይችላል አለ። ሰው በራሱ ስም ሐሳቡን ለማስፋፋት የሚያወጣው ገንዘብ ግን የመናገር ነፃነት አካል በመሆኑ ሊገደብ አይችልም ሲል ወሰነ። ለጋሾችን ለሕዝብ ይፋ ማድረግን ግን ፈቀደ።

ይኸው ውሳኔ ሌላም በር ከፈተ። የቁጥጥር ሕጉ የሚመለከተው "ምረጡ"፣ "ደግፉ"፣ "አትምረጡ"፣ "አሸንፉት" የመሳሰሉ ግልጽ ቃላትን የያዘ ማስታወቂያን ብቻ ነው ተብሎ ተተረጎመ። ስለዚህ አንድ ማስታወቂያ "እገሌን አትምረጡ" ከማለት ይልቅ "እገሌ ስልክ ደውሉና ግብራችሁን ለምን እንደጨመረ ጠይቁት" ካለ፣ መልእክቱ ያው ቢሆንም በሕጉ ዓይን የምርጫ ቅስቀሳ ሳይሆን ትምህርታዊ ማስታወቂያ ሆኖ ያልፍ ነበር።

ይህን ለመድፈን በ2002 የወጣው ሕግ የቀናት ገደብ አበጀ። ከፓርቲ ውስጥ ምርጫ በፊት ባሉት 30 ቀናት፣ ከጠቅላላ ምርጫ በፊት ደግሞ ባሉት 60 ቀናት ውስጥ የፌዴራል ዕጩን ስም የሚጠቅስ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ማስታወቂያን ኩባንያዎችና የሠራተኛ ማኅበራት ከካዝናቸው እንዳይከፍሉ ከለከለ። ሕጉ በፖስታ የሚላክን ወረቀትና ኢንተርኔትን አልነካም ነበር።

ከዚያም ጃንዋሪ 21 ቀን 2010 ደረሰ። "ሲቲዝንስ ዩናይትድ" የተባለ ድርጅት በ2008ቱ የፕሬዚዳንት ውድድር ወቅት ሂላሪ ክሊንተንን የሚነቅፍ ፊልም ለማሰራጨት ፈልጎ የጀመረው ክርክር እልባት አገኘ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ኩባንያዎችና የሠራተኛ ማኅበራት ከዕጩ ጋር ሳይመካከሩ የሚያወጡትን የቅስቀሳ ወጪ መከልከል ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ሲል ወሰነ። የውሳኔው ጸሐፊ ዳኛ አንቶኒ ኬኔዲ ነበሩ። ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ እንዲህ ላሉ ቡድኖች የሚሰጠው ገንዘብም ጣሪያ ሊኖረው እንደማይገባ ፈረደ። "ሱፐር ፓክ" የሚባሉት፣ ያለ ገደብ ሰብስበው ያለ ገደብ የሚያወጡ ኮሚቴዎች የተወለዱት በዚህ ነው።

ይህ ውሳኔ ብዙ ጊዜ ሲነገር የሚዘለል አንድ ክፍል አለው። ከዘጠኙ ዳኞች ስምንቱ፣ ከፋዩን ይፋ ማድረግን የሚያዝዘው የሕጉ ክፍል ጸንቶ እንዲቆይ ተስማምተዋል። ዳኛ ኬኔዲም ሕዝቡ በኢንተርኔት አማካይነት ማን ምን ያህል እንደከፈለ ፈጥኖ እያወቀ ተናጋሪውን በተገቢው መንገድ ሊመዝን እንደሚችል ጽፈዋል። እንግዲህ ውሳኔው ሁለት እግር ነበረው፤ አንዱ ያልተገደበ ወጪ፣ ሌላው ግልጽነት። የመጀመሪያው ወዲያው ተተከለ፤ ሁለተኛው ግን የሚያስፈጽመው ሕግ አላገኘም።

ስሙ የሚጠፋው የት ላይ ነው?

ሱፐር ፓኮች የለጋሾቻቸውን ስም ለፌዴራል ምርጫ ኮሚሽን የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው። ክፍተቱ ያለው ከግብር ሕጉ ላይ ነው። በአሜሪካ የግብር ሕግ "ማኅበራዊ ደኅንነትን" ለማራመድ የተቋቋሙ ለትርፍ ያልቆሙ ድርጅቶች ግብር አይከፍሉም፤ የለጋሾቻቸውን ስምም ለሕዝብ የመግለጽ ግዴታ የለባቸውም። ፖለቲካ ዋና ሥራቸው እስካልሆነ ድረስ በምርጫ ቅስቀሳ መሳተፍ ይችላሉ። የነጋዴዎች ማኅበራትም ተመሳሳይ መብት አላቸው።

አሠራሩን በምሳሌ እንመልከት። አንድ ባለሀብት በወንዝ ብክለት ላይ ጥብቅ ሕግ ያወጣል ብሎ የሚፈራውን ዕጩ ማሸነፍ ይፈልጋል እንበል። ስሙ እንዲታወቅ ግን አይሻም። ገንዘቡን "ሀ" ለተባለ ማኅበር ይሰጣል። ማኅበር "ሀ" "ለ" ለተባለ ሱፐር ፓክ ያስተላልፋል። "ለ" ማስታወቂያውን ያሠራል፤ ለጋሹ "ሀ" መሆኑንም በሕጉ መሠረት ያሳውቃል። መዝገቡ የተሟላ ነው፤ ሕግ የጣሰም የለም። ድምፅ ሰጪው ግን ከመዝገቡ የሚያገኘው የማኅበር ስም ብቻ ነው። ማኅበሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ማንም የማይጠላው ስም ይሰጠዋል፦ ቤተሰብ፣ ነፃነት፣ ዕድገት፣ አገር።

ተቆጣጣሪው ኮሚሽን ስድስት አባላት ያሉት ሲሆን ከአንድ ፓርቲ ከሦስት በላይ ሊሆኑ አይችሉም፤ ውሳኔ ለማሳለፍ ደግሞ አራት ድምፅ ያስፈልጋል። ሦስት ለሦስት ሲከፈሉ ምርመራው በዚያው ይቆማል። በ2010 ቡድኖች ለጋሾቻቸውን እንዲገልጹ የሚያስገድድ ረቂቅ ሕግ በተወካዮች ምክር ቤት ቢጸድቅም፣ በሴኔቱ ክርክሩን ለመዝጋት ከሚያስፈልገው 60 ድምፅ አንድ ጎድሎት 59 ላይ ቀረ። በ2020 ደግሞ የግብር መሥሪያ ቤቱ እነዚህ ማኅበራት የትልልቅ ለጋሾቻቸውን ስም ለመሥሪያ ቤቱ እንኳ በየዓመቱ ማሳወቃቸውን እንዲያቆሙ ፈቀደ።

ሞንታና እንደገና ከፍርድ ቤት ፊት

የ2010ሩ ውሳኔ የሞንታናን የ1912 ሕግ በቀጥታ ተገዳደረው። በ2008 እና በ2010 የግዛት ምርጫዎች ወቅት በሞንታና ነዋሪዎች የፖስታ ሳጥን ውስጥ ዕጩዎችን የሚያጥላሉ ወረቀቶች ይገኙ ነበር። ምርጫው ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ስለሚላኩ፣ የተከሰሰው ዕጩ መልስ ለመስጠት ጊዜ አያገኝም፤ ላኪዎቹም እነማን እንደሆኑ አይታወቅም። ከእነዚህ ቡድኖች አንዱ ከግዛቷ ውጪ የተመሠረተና በኋላ "አሜሪካን ትራዲሽን ፓርትነርሺፕ" የተባለው ነበር። ቡድኑ ለለጋሾች ባዘጋጀው ጽሑፍ ስማቸው ፈጽሞ እንደማይወጣ ቃል መግባቱን የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በውሳኔው ጠቅሷል።

ይኸው ቡድን የ1912ቱ ሕግ እንዲሻር ክስ መሠረተ። የሞንታና ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዲሴምበር 2011፣ 5 ለ2 በሆነ ድምፅ ሕጉን አጸና። መነሻው የግዛቲቱ ታሪክ ነበር፤ የመዳብ ከበርቴዎችን ዘመን ያየ ሕዝብ ራሱን የሚጠብቅበት በቂ ምክንያት አለው አለ። ከተቃወሙት ሁለት ዳኞች አንዱ፣ ኩባንያ እንደ ሰው መቆጠሩን አምርረው ነቅፈዋል፤ ነገር ግን የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ስለሚያስገድዳቸው ሕጉን ማጽናት እንደማይችሉ ጽፈዋል።

ሥጋታቸው እውን ሆነ። ጁን 25 ቀን 2012 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የቃል ክርክር እንኳ ሳይሰማ፣ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ የሞንታናን ፍርድ ሻረው። የመቶ ዓመቱ ሕግ ወደቀ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር የሞንታና ነዋሪዎች ኩባንያ ሰው አይደለም የሚል የአቋም መግለጫ ለድምፅ ቀርቦላቸው ከአራቱ ሦስቱ ደገፉት፤ መግለጫው ግን የፍርድ ቤቱን ውሳኔ የሚለውጥ ኃይል አልነበረውም።

በሣጥን የተገኙት ሰነዶች

ጉዳዩ በዚህ ሳይቋጭ አንድ ያልታሰበ ነገር ተከሰተ። የቡድኑን ሥራ የሚመለከቱ ሰነዶችን የያዙ ሣጥኖች ኮሎራዶ ውስጥ የአደንዛዥ ዕፅ ተጠቃሚዎች በሚያዘወትሩት ቤት ተገኝተው በሞንታና የፖለቲካ አሠራር ኮሚሽነር መሥሪያ ቤት እጅ ገቡ። በውስጣቸው በዕጩዎች ስም የተከፈቱ ፋይሎች፣ የቅስቀሳ ወረቀቶች ረቂቅና ደብዳቤዎች ነበሩ።

ነገሩ ክብደት ያገኘው በአንዲት ነጥብ ነው። ወጪው ያለ ጣሪያ የተፈቀደው ቡድኑ ከዕጩው ጋር ሳይመካከር ስለሚሠራ ነው። ተመካክረው ከሠሩ ወጪው "ገለልተኛ" መሆኑ ቀርቶ ለዕጩው የተሰጠ መዋጮ ይሆናል፤ መዋጮ ደግሞ የተገደበና በስም የሚመዘገብ ነው። በኤፕሪል 2016 በሄለና ከተማ የተሰየመ የሕዝብ ዳኞች ጉባኤ፣ አንድ የግዛቱ ምክር ቤት አባል በ2010ሩ ምርጫ 19 ሺህ 599 ዶላር የሚገመት ያልተፈቀደ የኩባንያ አገልግሎት ተቀብለዋል ሲል ወሰነባቸው። ፍርድ ቤቱም 68 ሺህ 232 ዶላር እንዲከፍሉ አዘዘ። ነገር ግን ፍርዱ የተገኘው ምርጫው ካለፈ ከስድስት ዓመት በኋላ፣ ያውም ሰነዶቹ በአጋጣሚ በመገኘታቸው ነው። ሣጥኖቹ ባይገኙ ኖሮ ነዋሪው ማን እንደቀሰቀሰው ሳያውቅ በቀረ ነበር።

ምሥጢሩ ይጠበቅ የሚሉ ወገኖች

የለጋሾች ስም አይገለጽ የሚሉ ወገኖችም ሊናቅ የማይገባ መከራከሪያ አላቸው። የአላባማ ግዛት ለጥቁር አሜሪካውያን መብት የሚታገለውን ማኅበር የአባላቱን ስም ዝርዝር እንዲያስረክብ ባዘዘችው ጊዜ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1958 ትእዛዙን አግዷል። ዝርዝሩ ቢወጣ አባላቱ ከሥራ ሊባረሩ፣ ሊደበደቡም ይችሉ ነበርና። በ1995 ደግሞ ፍርድ ቤቱ አንዲት የኦሃዮ ነዋሪ የትምህርት ቤት ግብርን በመቃወም ያለ ስም ወረቀት በማደላቸው መቀጣት አልነበረባቸውም ሲል ፈርዷል። ደካማ ሰው ኃይለኛን ሲተች ስሙን መሸሸጉ አንዳንዴ ብቸኛ መከታው ነው።

የግልጽነት ደጋፊዎች ይህን አይክዱም። መልሳቸው፣ በደጁ ወረቀት የምታድል እናት እና ሚሊዮኖችን ከፍሎ የምክር ቤቱን ወንበር የሚሻ ባለሀብት በአንድ ሚዛን አይቀመጡም የሚል ነው። ለትንሹ ለጋሽ ጥበቃ፣ ለትልቁ ለጋሽ ግልጽነት የሚሉት ለዚህ ነው።

የተገኘው መፍትሔ

ሞንታና ወጪን መከልከል እንደማትችል ከተነገራት በኋላ የቀረላትን መሣሪያ አነሣች። በ2015 የግዛቱ ገዥ ስቲቭ ቡሎክ በፊርማቸው ያጸደቁትና ከሁለቱም ፓርቲዎች ድጋፍ ያገኘው ሕግ፣ ድምፅ መሰጠት ከመጀመሩ በፊት ባሉት 60 ቀናት የዕጩን ስም እየጠቀሰ ገንዘብ የሚያወጣ ማንኛውም ቡድን ወጪውንና ለጋሾቹን እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። የቡድኑ የግብር ዓይነት ምንም ይሁን ምን ግዴታው አይቀርለትም፤ በፖስታ የሚላክ ወረቀትም ከሕጉ አያመልጥም። ሕጉ ተከስሶ በ2019 በፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በአብዛኛው ጸንቷል።

የአሪዞና ግዛት ነዋሪዎች ደግሞ በ2022፣ 72 በመቶ በሚሆን ድምፅ አንድ እርምጃ የሄደ ሕግ አጸደቁ። በዚያ ሕግ መሠረት ለቅስቀሳ ብዙ ገንዘብ የሚያወጣ ቡድን፣ ከ5 ሺህ ዶላር በላይ የሰጠውን ለጋሽ ሲገልጽ የመጨረሻውን አስተላላፊ ብቻ ሳይሆን የገንዘቡን የመጀመሪያ ባለቤት መግለጽ አለበት። ከላይ በጠቀስነው ምሳሌ፣ "ሀ" እና "ለ" አልፈው ባለሀብቱ ዘንድ ይደርሳል ማለት ነው።

ለአንባቢው

በአሜሪካ የሚኖሩ ዜግነት ያገኙ ኢትዮጵያውያን እንዲህ ባለው ምርጫ ድምፅ ይሰጣሉ፤ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያላቸውም ድምፅ ባይሰጡ እንኳ መዋጮ ማድረግ ይፈቀድላቸዋል። አንድ ማስታወቂያ ሲያዩ ከመጨረሻው "ክፍያው የተፈጸመው በ..." የሚለውን መስመር ማንበብ፣ የቡድኑንም ስም በፌዴራል ምርጫ ኮሚሽን ድረ ገጽ ላይ መፈለግ ይችላሉ። በአገራችንም በ2011 ዓ.ም የወጣው የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162 ፓርቲዎች ከውጭ ዜጎች ገንዘብ እንዳይቀበሉ ይከለክላል፤ ሒሳባቸውንም አስመርምረው ለምርጫ ቦርድ እንዲያቀርቡ ያዝዛል።

ከሞንታና ታሪክ የሚገኘው ትምህርት አጭር ነው። በ1899 ገንዘቡ በፖስታ ታሽጎ ለምክር ቤት አባላት ይሰጥ ነበር፤ ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ የቅስቀሳው ወረቀት በፖስታ ለነዋሪው ደረሰ። በሁለቱም ጊዜ ሕዝቡ የጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ ላኪው ማን ነው? የፖስታውን ላኪ ያወቀ ነዋሪ ውስጡ ያለውን ቃል ራሱ ይመዝናል፤ ፍርዱም የእርሱ ይሆናል።